ጎባጣዋን ይዤ ወደ አቦቦ

ደሴ ልኳንዳ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ከዚያ ጉዞ ከተመለስኩ ወዲህ ሥጋ ሊገዛ የመጣ ሁሉ «ሰይድ፣ አቦቦ ድረስ ምን ልትሠራ ሄድክ?» ይለኛል። አንድ ኪሎ እስክመዝን ግማሹን አወራለታለሁ፣ እሱ ግማሹን ሰምቶ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከመካከሉ ያስጀምረኛል። በዚሁ መሀል አንድ ሽማግሌ ጉበት ብለውኝ ሳንባ ጠቅልዬላቸው እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል። ስለዚህ ከነመነሻው ልጻፈውና ልገላገል። ጋምቤላን ላላየም ሰው ይድረሰው።

መነሻው የአባቴ ቢላዋ ናት። አባቴ ይመር በጃንሆይ ጊዜ ወታደር ነበር፣ ኮንጎ ዘምቷል። እዚያ ከህንድ ጦር ጋር የመጡ፣ ጉርካ የሚባሉ የኔፓል ሰዎች ነበሩ፤ አጫጭሮች፣ ሳቂታዎች፣ ወገባቸው ላይ ጎባጣ ቢላዋ የሚታጠቁ። አባቴ ከአንዱ ጋር ተወዳጀ፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ሊለያዩ ሲሉ ጋቢውን አውልቆ አለበሰው፣ ጉርካውም ቢላዋውን ፈትቶ አስታጠቀው። ያ ጋቢ እናቴ እማ ዘሐራ በእጇ ፈትላ ያሠራችው ነበር። «ባሌ ጋቢዬን ለብሶ ሄዶ ብረት ታጥቆ ገባ» እያለች እስከ ዛሬ ትከሰዋለች።

እኛ ቤት ስሟ ጎባጣዋ ነው። ከመካከሏ ወደ ፊት ትታጠፋለች፣ ስለቷ እንደ ማጭድ በውስጥ በኩል ነው። ግን እንደ ማጭድ ቀጭን አይደለችም፤ ጀርባዋ የትንሽ ጣት ያህል ይወፍራል፣ ወደ ጫፏ ስትሄድ ሆዷ ይሰፋል። እጀታዋ አጠገብ ስለቱ ላይ በጥርስ የተነከሰች የምትመስል ጎድጓዳ አለች። አባቴ «ደም በእሷ በኩል ይንጠባጠባል እንጂ እጅ ላይ አይወርድም» ይል ነበር። አፎቷ በቆዳ የተለበጠ እንጨት ነው።

ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ ስትመዘዝ አፎቷ የሚያዘው ከጀርባው ነው፤ ጣት በስለቱ በኩል አይዞርም፣ ስፌቱን ሰንጥቃ ትወጣለችና። ሁለተኛው፣ አንዴ ከወጣች ደም ሳትቀምስ አትመለስም። ይኼን ጉርካው ይንገረው ወይ አባቴ ይፍጠረው አናውቅም። በየዓመቱ ለዒድ አውጥቶ ቅባት ይቀባትና አውራ ጣቱን ጫር አድርጎ ድርሻዋን ይሰጣታል። ከዚያ ተመልሳ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። እማ ዘሐራ አጠገቡ ቆማ «የሞኝ ደም» ትላለች።

አባቴ ሞተ። ታላቅ ወንድሜ ሙሐመድ፣ እኔ አያ ሙሄ የምለው፣ በድርቁ ዘመን በሰፈራ ወደ ጋምቤላ፣ አቦቦ የሚባል ቦታ የሄደ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ከሰፈራ ብዙ ሰው ተመለሰ፤ እሱ አልተመለሰም። የአባታችን መርዶ የደረሰውም ሶደቃው ካለፈ በኋላ ነው። እናቴ አንድ ቀን ጎባጣዋን ከግድግዳ አወረደችና ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት።

«ወስደህ አሳየው» አለችኝ። «ከአንተ ጋር ወደ ቤቱ ከመጣ የሱ ናት፤ ታላቅ ነው፣ ይገባዋል። አልመጣም ካለ መልሰህ አምጣት፤ ያኔ ላንተ ትሁን። ልጄን ወይ ጋቢዬን፣ አንዱን ይዘህ ግባ።» ጋቢዬ የምትለው ቢላዋዋን ነው።

ልብ በሉ። ጎባጣዋን ከልጅነቴ ጀምሮ እመኛት ነበር። ሥጋ ቆራጭ ቢላዋን የሚያየው ሌላው ሰው እንደሚያየው አይደለም። ወንድሜን ደግሞ እወደዋለሁ፣ ናፍቆኛል። እሱ ከመጣ ቢላዋዋ ታመልጠኛለች፤ ቢላዋዋ ካልቀረችብኝ እሱ ይቀርብኛል። እንዲህ ያለ መልእክተኛ ልካ እናቴ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰዳት ይገርመኛል።

ሰኞ ንጋት ደሴ መናኸሪያ ስደርስ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር፣ እኔም የአባቴን ካፖርት ለብሻለሁ። ጎባጣዋን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ያን ቀን አዲስ አበባ ገብተን መርካቶ አንድ የአገር ልጅ ቤት አደርኩ፤ ማክሰኞ ጅማ። ጅማ ሙስሊም ልኳንዳ ሞልቷል፣ እንደ ሰው በላሁ። ሥጋው ደግ ነው፣ አቆራረጣቸው ግን ለእኔ ዓይን አይሞላም፤ አጥንቱን በመጥረቢያ ይፈጩታል። ለባለቤቱ ነገርኩት። «ወንድሜ፣ ብላና ሂድ» አለኝ።

ረቡዕ መቱ ስንደርስ የሆቴሉ ሥጋ የክርስቲያን እርድ ነው። እንግዲህ ሙስሊም ባለ ልኳንዳ መንገድ ላይ ማለት ይኼ ነው፤ ቤቱ ሥጋ ሰቅሎ ሰው አገር ሽሮ ይልሳል። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ ሴት ናቸው። ገበታውን ትቼ ዳቦ በሻይ ስበላ አይተው ገባቸው። ወጡና እንቁላል በአዲስ መጥበሻ ጠብሰው መጡ።

«መጥበሻው ከሱቅ የመጣው አሁን ነው፤ ሥጋ አላየም» አሉኝ። «የልጄ እኩያ ነህ፣ ጾምህን አትደርብኝ።»

ማር ጨመሩልኝ። የመቱ ማር ነጭ ነው፣ የኛ አገሩ ወርቃማ ነው። ያን ቀን የእኛ ይበልጣል ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ልኳንዳዬ ሆኜ ሳስበው እውነቱ የሳቸው ይበልጣል። ሲሸኙኝ በፎጣ የጠቀለልኩትን አይተው «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢሉኝ የአባቴን ታሪክ ከኮንጎ እስከ ዒድ አወራሁላቸው። አሥሬ አማተቡ። አምነው ይሁን ፈርተው አላውቅም፣ ደስ ግን ብሎኛል።

ሐሙስ መከራዬ ጀመረ፣ ያመጣሁትም ራሴ ነኝ። ከጎሬ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ቀይ አስተማሪ ስለ ጥቅሉ ጠየቀኝ። ትናንት ወይዘሮ አልማዝ ያማተቡልኝ ሰው ዛሬ ምን ብዬ ዝም ልበል? የሁለተኛውን ሕግ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ሰው ይበልጥ ይሰማል። ከቡሬ ቁልቁል ስንወርድ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ወደ ጭኔ ያያል። በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል። በመጀመሪያው ካፖርቴን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ካልሲዬን። ታች ስንደርስ በሸሚዝ ቀርቼ እንደ ታረደ በግ እተነፍሳለሁ። አስተማሪው «ገና ምኑን አይተህ» አለኝ።

ጋምቤላ ከተማ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ያን ጊዜ ጋምቤላ ክልል አሥራ ሁለት ይባላል፣ ክልሉም ገና አዲስ ነው፤ የየቢሮው ስም በአዲስ ቀለም ተጽፏል፣ ፖሊሱም ሥራውን ከልቡ ይዞታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ የለዘበ አኙዋክ ፖሊስ ገባና ዕቃ ማየት ጀመረ። ስሙ ኡጁሉ ነው፤ በኋላ ነው የነገረኝ። ጭኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ምንድን ነው?»

«ቢላዋ።»

«የምን ቢላዋ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ከኋላ አንዲት እናት «የጦር ነው ልጄ፤ ደም ካልጠጣች አትገባም ብሏል» አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ ቃል አፋፉን አልፎ ኬላ ደርሶ ቆየኝ።

ኡጁሉ ፎጣውን ገለጥ አድርጎ አየና ትንሽ አሰበ። መልካም ሰው መሆኑን ያወቅኩት እዚያው ነው፤ ማምለጫውን ራሱ ሰጠኝ። «የጦር ከሆነ አያልፍም» አለ። «ገጀራ ከሆነ የእርሻ ነው፣ ያልፋል። ይኼ የትኛው ነው?»

ጤነኛ ሰው «ገጀራ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን የአባቴ ቢላዋ፣ ኮንጎ የዘመተች፣ ገጀራ ስትባል ደሜ ፈላ። «ገጀራስ አይደለችም» አልኩት። «ላሳይህ?»

ብድግ ብዬ መዘዝኳት። የመጀመሪያውን ሕግ ረስቻለሁ፤ አፎቷን እንደ ዱላ በሙሉ እጄ ጨብጬዋለሁ። ስፌቱ ስንት ዘመን አልፎታል፣ ተበጥሷል። ስለቷ በስፌቱ ወጥታ ሁለት ጣቴን ላጠችኝ። ልጅ ሆኜ ከጀመርኩ ጀምሮ በስንት ቢላዋ ስሠራ እንዲህ ቆርጦኝ አያውቅም። ኡጁሉ ጣቴን አየ፣ ቢላዋዋን አየ።

«ይኸው ጠጥታለች» አለ። «አሁን አስገባት።»

እስከ አሽከርካሪው ድረስ ሳቁብኝ። ጣቴን በራሱ መሐረብ አሰረልኝና ቢላዋዋን ወሰደ። አዛዡ ለሥራ ኢታንግ ሄዷል፤ እሱ መጥቶ የጦር ናት ወይ የእርሻ ናት ብሎ እስኪወስን ጎባጣዋ በኡጁሉ እጅ ትቆያለች። አውቶቡሱ እኔን ጥሎ ሄደ። አስተማሪው በመስኮት እጁን አወዛወዘልኝ።

«የት ታድራለህ?» አለኝ ኡጁሉ።

«አላውቅም።»

«ቢላዋው እኔ ቤት ያድራል። አንተም እዚያው እደር፣ ጠብቀው።»

ቤቱ ከባሮ ብዙ አይርቅም። ቦርከናን ወንዝ ብዬ ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ባሮን ሳይ አፈርኩ። ቦርከናን ሱሪ ሰብስቦ መሻገር ይቻላል፤ ባሮ ግን ይዞ የሚሄደው እንጨት እንኳ ከኛ ቤት ይረዝማል። ሰው እየታጠበ ነው። «አዞ የለም ወይ?» ብዬ ኡጁሉን ጠየቅኩት። «አለ» አለኝ ሳሙናውን እያቀበለኝ። እኔ ዳር ላይ ሆኜ በጣሳ ታጠብኩ።

ሚስቱ አሪየት የበቆሎ ገንፎና ዓሣ አቀረበች። ማን ገደለው፣ በማን እጅ ታረደ ብሎ ጥያቄ የለም፤ ዓሣ ማንም ቢያጠምደው ይበላል። አላህ ለሥጋ ቆራጭ መንገደኛ ያስቀመጠው ምግብ ነው ብዬ በላሁ፣ ደግሞም በላሁ። ደሴ ስንት ዘመን ዓሣ የሚበላ ሰው ሳይ ጥርስ የለውም እንዴ እል ነበር። ቃሌን እዚያው አነሳሁ። አጎበሩን ለእኔ ሰጥተው እነሱ ያለ አጎበር ተኙ፤ እምቢ ብል አሪየት በአኙዋክኛ አንድ ነገር አለች። ኡጁሉ «ደማችን ለወባ አዲስ አይደለም፣ ያንተ ግን ድግስ ነው ትላለች» ብሎ ተረጎመልኝ።

ዓርብም አዛዡ አልመጣም። ኡጁሉ ግን ተረኛ አልነበረም፣ እናቱ ደግሞ የሚኖሩት አቦቦ በኩል ነው። «አብሬህ እሄዳለሁ» አለኝ። «ወንድምህ ምን እንደሚሠራበት አያለሁ። ያየሁትን ለአዛዡ እነግራለሁ።» ጨውና በርበሬ በጫነ መኪና ላይ ወጣን፤ እኔ፣ ፖሊሱና በፖሊሱ ወገብ የታሰረች የአባቴ ቢላዋ። ያየን ሁሉ እስረኛው እኔ ነኝ ብሎ አዘነልኝ። አንዲት ሴት ሙዝ ሰጠችኝ።

ሐምሌ ነው፤ መንገዱ ጥቁር ጭቃ ነው። የኛ አገር ጭቃ ጫማ ይይዛል፣ ያኛው መኪና ይይዛል። ከግማሽ መንገድ በኋላ የኋላ ጎማው ሰመጠ። ጎማ ሥር የሚነጠፍ ቅርንጫፍ ያስፈልጋል፣ ሾፌሩ ገጀራውን ቤቱ ረስቷል። ሁሉም ወደ ኡጁሉ ወገብ አየ።

«አይሆንም» አልኩ። «ከወጣች ደም—»

«ጣትህ ገና እርጥብ ነው፤ ለዛሬም ይበቃል» አለኝ ኡጁሉ።

አፎቷን ከጀርባው ይዞ መዘዛት። አንዴ ብቻ ተናግሬው ሕጉን ይዞታል፤ እኔ ባለቤቱ ግን ሁለት ጣቴን አስረክቤያለሁ። የክንድ ያህል የሚወፍር ቅርንጫፍ ፊት ቆመ፣ ክንዱን አነሳ፣ ጣለው። ቅርንጫፉ ወደቀ። ድምፅ እንኳ ብዙ አልነበረም። ሌላውን ደገመው።

እኔም ልሞክር ብዬ ተቀበልኩት፤ እንዴት አልቀበል? እኛ ሥጋ ስንቆርጥ ቢላዋውን ወደ ራሳችን እንስባለን፤ እጃችን በመሳብ ነው ያደገው። አነሳኋትና እንደ ልማዴ ሳብኳት። እንጨቱ ውስጥ ገብታ ተጣመመች፣ ተሰነቀረች። እጀታዋ መካከል ላይ ቀለበት የመሰለች እብጠት አለች፤ እሷ መዳፌን ነከሰችኝ። ደግሜ ብሞክር ተንሸራታ የጉልበቴን ፊት ለጥቂት ሳተችው። ጎልማሳ ሥጋ ቆራጭ፣ በቢላዋ የሚኖር ሰው፣ በጭቃ መካከል ከአባቱ ቢላዋ ጋር ትግል ገጠመ። ኡጁሉ ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰዳት። ወላሂ ቀናሁ።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ ገባን። የሰፈራ መንደር ነው፤ ቤቶቹ በመስመር ቆመዋል፣ ከቤቶቹ ኋላ በቆሎ ነው፣ ከበቆሎው ኋላ ከሰው በላይ የቆመ ሣር ነው። አያ ሙሄ ከጓሮ ብቅ ሲል መጀመሪያ ፖሊሱን አየ፣ ቀጥሎ የታሰረ ጣቴን፣ በመጨረሻ ፊቴን።

«ሰይዶ» አለ። ከዚያ ወደ ኡጁሉ ዞሮ፣ «ምን አጥፍቶ ነው?»

«አፉ ነው» አለ ኡጁሉ።

አቀፈኝ። ሸብቷል፣ ከስቷል፣ ሲስቅ ግን አባቴ ነው የሳቀው፤ ያው አንድ ዓይን የምትጨፈንበት ሳቅ። ጎባጣዋን በኡጁሉ ወገብ ሲያያት ተቀመጠ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባታችን ከሞተ ወዲህ አብረን ያለቀስነው ያን ቀን ነው። ኡጁሉ በአክብሮት ፊቱን ወደ በቆሎው አዞረ።

የወንድሜ ሚስት ፋጡማ ዶሮ ይዛ መጣች። እሷም የኛው የወሎ ልጅ ናት፣ እዚያው ሰፈራ ላይ ነው የተጋቡት። «ባለ ልኳንዳ እንግዳ እያለ ማን ያርዳል?» ብላ ዶሮዋን ሰጠችኝ። እኔም መኪና ላይ የደረሰብኝን ውርደት ላጥብ ብዬ ጎባጣዋን አስመጣሁ። ይኸው በስንት ዘመኗ በኛ ቤተሰብ እጅ ሥራ ልትሠራ ነው። ዶሮዋን ወደ ቂብላ አዞርኩ፣ ቢስሚላህ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ግራ ገባኝ። ማረድ ጉሮሮ ላይ ስቦ ማሳለፍ ነው፤ ይቺ ግን በመታጠፊያዋ ጎድጎድ፣ በሆዷ ቀብተት ብላ አልገጥም አለችኝ። እሷ የምታውቀው ከላይ መውደቅ ነው፣ ከላይ መትቶ አንገት መጣል ደግሞ በኛ ወግ አይሆንም። ባዞራት ባገላብጣት ያው ነው። ዶሮዋ እንኳ አንገቷን አዙራ አየችኝ።

ፋጡማ የሽንኩርት ቢላዋዋን አቀበለችኝ። አረድኩ።

ያቺ ዕድሜዋን ሙሉ ደም ካልቀመስኩ ስትል የኖረች ቢላዋ አንዲት ዶሮ ማረድ አቃታት። አያ ሙሄ ከሳቁ የተነሳ ምሰሶ ይዞ ቆመ። «አባባ ይኼን ቢያይ» አለ፣ ደግሞ ሳቀ፣ ደግሞ ዓይኑን ጠረገ።

ቅዳሜ ጠዋት ኡጁሉ ጎባጣዋን ለወንድሜ ትቶ ወደ እናቱ ሲሄድ፣ እኛ ወደ እርሻው ሄድን። በቆሎው አልደረሰም፤ ጫፉ ላይ ያ ረጅም ሣር እየገፋ ይገባል፣ ሣሩ ውስጥ ዝንጀሮና ከርከሮ ያደፍጣል። የወንድሜ ሥራ ዓመት ሙሉ ሣሩን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ገጀራው ደንዝዞ ነበርና ጎባጣዋን አነሳ። እጀታዋን እንደኔ አፍኖ አልያዛትም፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቱ ያዛት፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ተከተሉ። ከዚያ ክንዱን አንስቶ ለቀቃት። ሣሩ እንደ ተላጨ ወደቀ።

«እንዴት ነው የምታደርጋት?» አልኩት።

«ምንም አላደርጋትም። ክብደቷ ከፊት ነው፤ ልክ ሣር እንዳየ በግ አንገቷን አስቀድማ ትሄዳለች። አንተ ትገፋታለህ፣ ትስባታለህ። ተዋት፣ ትውደቅ። ያንተ ሥራ ማንሳቱ ብቻ ነው።»

ሞከርኩ። አምስት ጊዜ አበላሸሁ። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ ደክሞት ነው መሰል፣ ለቀቅኳት። ሄደች። ክብደቷ ከእጄ ወጥቶ ሣሩን አልፎ ተመልሶ እጄ ላይ ተቀመጠ። ያ ያንገበገበኝ ቀለበት ለካ ለዚህ ነው፤ ስትወድቅ ከመዳፍ እንዳታመልጥ ይይዛታል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሌላም ቆረጥኩ፣ ሌላም፣ የማይቆረጠውንም፤ ወንድሜ «በቆሎዬን ተው» እስኪለኝ ድረስ።

ደክሞን ስንቀመጥ የመጣሁበትን አወጣሁት። የእማን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት፤ ከመጣህ የአንተ፣ ካልመጣህ የኔ።

«ሰይዶ፣ ይኼን ለማን ጥዬ ልምጣ?» አለ። «ልጆቼ እዚህ ተወልደዋል፤ ደሴ ይበርዳቸዋል፣ እዚያ እንግዳ ናቸው። አባባን አፈር ማልበስ አልቻልኩም፣ እሱ ሁልጊዜ ያቃጥለኛል። እማ በየቀኑ ትናፍቀኛለች። ግን ቤቴ እዚህ ነው።»

እንግዲህ በሕጉ መሠረት ጎባጣዋ የኔ ሆነች። ከልጅነቴ የተመኘኋት ጉልበቴ ላይ ተቀምጣለች። ስለቷ በሣር ጭማቂ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሽታው እስከ አሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ደሴ ወስጄ ምን ላደርጋት ነው? ሥጋ አትቆርጥልኝም፣ ዶሮ አታርድልኝም፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ በየዒዱ አውራ ጣቴን ልቀባት ነው። ይኼ ሁሉ ገብቶኝ እንኳ ስስቴ አልለቀቀኝም። ወንድሜ ደግሞ አይጠይቀኝም፤ ዝም ብሎ እጀታዋን ያያል። ቢጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር።

«ባዶ እጄን አልገባም» አልኩት በመጨረሻ። «ልጄን ወይ ጋቢዬን ብላለች።»

አፎቷን አነሳና አገላበጠው፣ የተቀደደውን ስፌት በጣቱ ዳሰሰ። ያቺ የአባቴ ሳቅ መጣች፣ አንድ ዓይኑ ተጨፈነች።

«አፎቷን ውሰድላት» አለ። «ቢላዋ ያለ አፎት አይከርምም፤ ይዝጋል፣ ልጅ ይቆርጣል። በቆሎዬን ሳስገባ አፎቷን ፍለጋ መምጣቴ አይቀርም።»

«ይኼ በእማ ሕግ ውስጥ የለም።»

«እማ ሕጉን ስታወጣ እኔን መች ጠየቀችኝ?»

ኡጁሉ ከእናቱ ቤት ሲመለስ የተቆረጠውን ሣር ከዳር እስከ ዳር አየ። ጎባጣዋን አንስቶ ስለቷን በአውራ ጣቱ ሞከረ፣ መልሶ ለወንድሜ ሰጠው። «ለአዛዡ እነግረዋለሁ» አለ። «ገጀራ ነው።» በዚህኛው ጊዜ አፌን ዘጋሁ።

እሑድ በአቦቦ መኪና ወደ ጋምቤላ ከተማ ተመለስን። አሪየት የደረቀ ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ጅማ ላይ ስፈታው አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ወንበር ቀየሩ። መቱ ወይዘሮ አልማዝ ጋ አደርኩ። «ያቺ ጉደኛስ?» ቢሉኝ «ገበሬ ሆነች» አልኳቸው። ከዚያ በፊት ቡሬን ስወጣ ካልሲዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ካፖርቴን ለብሼ ነበር። በየዳገቱ ግን እየከበደኝ የመጣው ልብሱ አልነበረም። እናቴን ምን እንደምላት አላውቅም።

እማ ዘሐራ በር ላይ ነበረች። መጀመሪያ ከኋላዬ አየች፣ ማንም የለም። ቀጥሎ ጥቅሌን አየች። አፎቱን ሰጠኋት። እጇን ከተተችበት፣ ባዶ ነው።

«ጋቢዬስ?» አለች።

«አያ ሙሄ ጋ ናት። ሣር ትቆርጣለች።»

«እሱስ?»

«አፎቷን ሊወስድ ይመጣል።»

አፎቱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው። የሣሩ ሽታ አለበት። «ይኼ ተንኮል የአባቱ ነው» አለች፣ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ጎባጣዋ ትሰቀልበት የነበረው ምስማር ላይ ባዶውን አፎት ሰቀለችው።

አያ ሙሄ በኅዳር መጣ። ፋጡማንና ልጆቹን ይዞ፣ ጎባጣዋን በጆንያ ጠቅልሎ። ስለቷ ከሥራ ብዛት እንደ ብር ያበራል። ልጆቹ በብርዱ እየተንቀጠቀጡ አያታቸው ጉያ ውስጥ ከረሙ፤ አያ ሙሄ የአባባን መቃብር ሄዶ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠበት። እማ ያን ሰሞን ስትስቅ ድምፅዋ እስከ ልኳንዳዬ ይሰማ ነበር።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት አፎቱ ምስማሩ ላይ የለም። ቤቱን አመስነው። አልጋ ሥር አየን፣ ቁምሣጥን ኋላ አየን፣ ፋጡማ የዱቄት ዕቃ ሳይቀር ከፈተች። የለም። እማ ዘሐራ መደቡ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። እንግዳን ሁሉ እስከ አስፋልት የምትሸኝ ሴት ያን ዕለት ከነጋ ከመደቡ አልወረደችም። ሻይ እንኳ ወዳለችበት ነው ያመጣንላት።

«እማ፣ ተነሺና ሸኚን እንጂ» አለቻት ፋጡማ።

«ጉልበቴን አሞኛል» አለች እማ፣ የተቀመጠችበትን ቁርበት ጎተት አድርጋ እያስተካከለች።

አያ ሙሄ እሷንም ቁርበቱንም አየ፣ እኔን አየ። ጎባጣዋን መልሶ በጆንያ ጠቀለላት። ከዚያ ፊቷ ተንበርክኮ ሁለት ጉልበቷን ሳመ።

«እማ፣ ለመጪው ዓመት መጥቼ እፈልገዋለሁ» አላት። «አንቺ ብቻ አትነሺ።»

አልተነሳችም።